ሊተኮስበት የተገዛ መትረየስ

ተርመን ላይከንስ፣ ዴልመስ ፕሩየትን መጥላት የጀመረው ገና ስሙን እንኳን ሳያውቅ ነው። «የኤቨረትን መትረየስ አንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ገዛው» ብለው በስልክ ሲነግሩት የበቆሎ ዳቦ እያኘከ ነበር።

«ምን ሊያደርግለት?» አለ።

«ሊተኩስበት ነዋ!»

ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋው። ዳቦውንም ሳይውጠው እዚያው ሳህኑ ላይ ተፋው።

ደግሞስ እንዴት አይናደድ? ያ ብረት እንደው መትረየስ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቪከርስ የሚሉት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠራ፣ ወፍራም እጅጌው ውስጥ ውሃ እየተሞላለት በሦስት እግሩ ቆሞ የሚተኩስ አሮጌ ጌታ ነው። ኬንተኪን ዳር እስከ ዳር ብታስስ እንዲህ ቁጥሩ ያልተዛነፈ አታገኝም። ከሽፋኑ ጀምሮ እስከ መዝጊያው፣ ከመዝጊያው እስከ ጥይት ማጉረሻው ሁሉም ላይ 719 ተመትቶበታል። ከፋብሪካ አብሮ የወጣ ቤተሰብ ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ አንዱም አልጠፋም። ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ሲያዩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ባለቤቱ ኤቨረት ኮልቪን አርባ ዓመት መስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት አንዲት ጥይት ሳይተኩስበት ሞተ። ተርመን ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚያ ቤት እየሄደ መስታወቱ ፊት ቆሟል። የመድን ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረተኛ ነው። ልጅ የለው፣ ሚስቱ ጥላው ከሄደች ቆይታለች። ኤቨረት ሲሞት በልቡ «በቃ፣ የኔ ነው» ብሎ ነበር። በቀብሩ ቀን ሟቹ ቤት ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲጸልይ የሱ ዓይን ወደ መስታወቱ ነበር። አርዲት፣ የሟች ሚስት፣ አይታዋለች።

ስልክ በተደወለለት ማግስት የአርዲትን በር አንኳኳ። ኮፍያውንም አላወለቀ።

«ከሱ የበለጠ እሰጥሻለሁ አላልኩሽም?»

«ብለኸኛል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ላንተ አልሸጥም።» አርዲት ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ስትናገር እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። «አርባ ዓመት አቧራውን የጠረግኩለት እኔ ነኝ። ሃያ አምስተኛ ዓመታችን ላይ ባሕር ውሰደኝ ብዬ ብለምነው ‹ቤቱን ለማን ጥለን?› አለኝ። ቤቱን መስሎሃል? መትረየሱን ነው! ይኸው ባሕር ሳላይ አረጀሁ። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ ስሠራ እሱ ተቀምጦ ሲታይ ኖረ። አሁን ይሥራ! ላብ በላብ ይሁን!»

«ያ ሰውዬ እኮ ይሰብረዋል፣ አርዲት!»

«ይሰበራ!»

«ጤና የለሽም።»

«አንተ ነህ ጤና የሌለህ። የኤቨረት ሬሳ ሳይቀዘቅዝ ሳጥኑን በዓይንህ ስትለካ ያየሁህ አይመስልህም? በል ውጣልኝ፣ ምንጣፌን በጫማህ አታቆሽሸው!»

በሩን ዘጋችበት። 

እንዲህ ያለ መትረየስ ግን ዛሬ ከፍለህ ዛሬ ይዘኸው የምትገባው ነገር አይደለም። ጣትህን ቀለም ተቀብተህ አሻራ ትሰጣለህ፣ ፎቶ ትነሣለህ፣ ወረቀቱ ወደ መንግሥት ይሄዳል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ወራት ትጠብቃለህ። እስከዚያ ያንተ ሆኖ ያንተ አይደለም፤ ነጋዴው ዘንድ ይቆለፍበታል። ጓደኞችህ «እስረኛህ እንዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱብሃል። ቅዳሜ ሲደርስም ምሳህን በወረቀት ጠቅልለህ ሄደህ እስረኛህን ትጠይቃለህ። ይሄ እንግዲህ የባለ መሣሪያዎቹ ልማድ ነው፤ ማንም አይስቅበትም፣ ራሳቸው ካልሳቁ በቀር።

719 የታሰረው ኖሪን ስታምፐር የምትባል ፈቃድ ያላት ነጋዴ ሱቅ ነው፣ ከኋላ ባለው ክፍል። ክፉ አጋጣሚ ደግሞ ተርመን እዚያ ሱቅ ሐሙስ ሐሙስ እየሄደ አሮጌ መሣሪያ በነጻ ይወለውላል። ኖሪን ታምነዋለች፤ ቁልፉን ሳይቀር ትሰጠዋለች። ስለዚህ ዴልመስ ቅዳሜ ሲጠይቅ፣ ተርመን ሐሙስ ይጠይቃል። አንድ እስረኛ፣ ሁለት ጠያቂ፣ ለየቅል።

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ተርመን ሆን ብሎ መጣ። ዴልመስ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ግዙፍ ነው፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ቅባት ከቆዳው ጋር ተዋህዷል። የመትረየሱን ሽፋን ከፍቶ መዝጊያውን አውጥቷል፤ ጥይቱን ጨብጦ ወደ አፈሙዙ ቧንቧ እየከተተ ከኋላ ድፍን የሚያደርገውን ያንን ከባድ ብረት። በአንድ እጁ መለኪያ፣ በሌላው እንደ ወረቀት የሳሱ፣ ክፍተት የሚሞሉ የብረት ቀለበቶች ይዟል።

«እጅህን ታጥበሃል?» አለው ተርመን።

«ደህና ዋልክ፣ ጋሽ ተርመን።»

«ታጥበሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

«ታጥቤ ነበር። አንተን ስጨብጥ ደግሞ እታጠባለሁ።» ዴልመስ ቀና አላለም። «ና ቁጭ በል እስቲ፣ ላሳይህ። ይሄ መዝጊያ አየህ…»

«አንተ ነህ ስለ ቪከርስ የምታስተምረኝ?» ተርመን ጮኸ። «አንተ ጭቃ ቆፋሪ! አንተ ከመወለድህ በፊት የዚህን ብረት ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ!»

«በቃልህማ ታውቀዋለህ» አለ ዴልመስ፣ ቀለበቷን ቦታዋ እያስገባ። «ተኩሰህ ግን ታውቃለህ?»

ተርመን በሕይወቱ ቪከርስ ሲተኮስ በጆሮው ሰምቶ አያውቅም፤ ተኩስ ወዳለበት ቦታ ዝር ብሎ አያውቅም። ሰብሳቢ ነዋ! እሱ የሚያውቀው ማኅተም፣ ቀለም፣ ቁጥር ነው። እንዳልሰማ ሆኖ ወጣ፤ ያን ቀን ማታ ግን ያቺ ጥያቄ እንቅልፍ ነሣችው።

ፈቃዱ የመጣው በጥቅምት፣ ሐሙስ ቀን፣ ተርመን ከኋላ ክፍል ሆኖ ጨርቅ በእጁ ይዞ ሳለ ነው። ኖሪን ከፊት በኩል በስልክ «ዴልመስ፣ ተፈታልህ! ቅዳሜ ለተኩሱ በዓል ይደርስልሃል!» ስትል ሰማት። ሳቋንም ሰማው።

ቅዳሜ። ሁለት ቀን። ተርመን ሽፋኑን ከፈተ፣ መዝጊያውን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። በጎኑ 719 የሚል አለ፣ ጥቃቅን፣ ግን ጥርት ያለ። ይሄንን ነው እንግዲህ ያ ቅባታም እንደ መዶሻ የሚቀጠቅጠው። ነገ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ከየትም የመጣ ልጥፍ ይገጥምለታል፤ ቤተሰቡ ይበተናል። አይሆንም! አስቦበት መጥቷል። ይሄ ቀን አይቀርም ብሎ በየሐሙሱ ከቤቱ መሳቢያ አንድ መዝጊያ ይዞ ይመጣ ነበር፤ የዚያው ፋብሪካ፣ የዚያው ዘመን፣ እንደ መስታወት የተወለወለ፣ ቁጥሩ ብቻ 308። ያንን ገጠመው፤ ልክክ ብሎ ገባ። 719ን ደግሞ በአንዲት ቢጫ የለሰለሰች ቆዳ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ቆዳዋ ኤቨረት መስታወቱን ይወለውልባት የነበረች ናት፤ የቀብሩ ቀን አንስቷት ነበር።

ሰረቅኩ አላለም ለራሱ። አተረፍኩ ነው ያለው። የራሱን ውድ መዝጊያ ለዚያ ባለጌ ሰጠ፣ በምትኩ ከሞት አንድ ነፍስ አዳነ፤ እንዲያውም ቸርነት ነው። ሰው ራሱን ሲያታልል እንዴት አድርጎ ይችልበታል እናንተ!

ቅዳሜ ጠዋት ዴልመስ መትረየሱን ከኖሪን ሱቅ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ተኩሱ ሜዳ ነዳ። ሜዳው ከአሮጌ የትንባሆ ጎተራ ጀርባ ነው፤ ማዶ ኮረብታው ሥር የሞቱ ማቀዝቀዣዎችና ጎማ የሌላቸው መኪናዎች ተደርድረዋል። ባለ መሣሪያው በመስመር፣ ቤተሰቡ ከኋላ፣ ከተዘረጋው ቢጫ ገመድ ወዲያ፣ በሚታጠፍ ወንበር ላይ፣ የአሳማ ሥጋው ጭስ በሁሉም ላይ። አርዲት ደህና ካፖርቷን ለብሳ፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና የጆሮ መድፈኛ አድርጋ መትረየሱ አጠገብ ተቀምጣለች። የመጀመሪያውን ዝናር የምትተኩሰው እሷ ናት፤ ዴልመስ ሲገዛ የገባላት ቃል ነው።

ተርመንም መጣ። ለምን እንደመጣ እሱም አያውቅም፤ ቤቱ መቀመጥ አልቻለም። ደረቱ ላይ ያለው ብረት ይከብደዋል።

«አየኸኝ፣ ተርመን?» አለችው አርዲት። «መስታወት የለውም። ቀረብ በል፣ አይነክስህም!»

«ታፍሪበታለሽ።»

«አፍሬበትማ ኖሬያለሁ፣ ሰላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንተ ሳሎኔ ውስጥ ከመሣሪያ ጋር ፍቅር ስትሠራ!»

መስመሩ ላይ ያሉት ሳቁ። ተርመን ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ጋሽ ተርመን፣ ከቢጫው ገመድ ወዲያ» አለ ዴልመስ። በመትረየሱ እጅጌ ውስጥ ውሃውን ሞላ፤ ሽፋኑን ከፍቶ ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት። መዝጊያውን በሚያዝያ ለክቶ አስተካክሎት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቁልፍ ነው የኖረው። ለምን እንደገና ይለካል? ዘጋው። ተኩስ ሊጀመር ነው የሚለው ቀይ ባንዲራ ወጣ።

አርዲት ሁለቱን እጀታዎች ይዛ በአውራ ጣቷ መተኮሻውን ተጫነች።

ተተኮሰ። ሰባት፣ ስምንት ጥይት፣ ዝግ ያለ፣ እኩል፣ ወፍራም። ማዶ አንድ ማቀዝቀዣ በሩ ተገነጠለ። አርዲት አፏን ከፍታ ሳቀች። ተርመን ያ ድምፅ በእግሩ በኩል ገብቶ ደረቱ ውስጥ ሲመታ ተሰማው።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። አንድ ብቻ፣ ጧ! የሚል፣ የቀደሙትን የማይመስል። ከሽፋኑ ሥር ነጭ ጭስ ወጣ፤ አርዲት ወደ ኋላ ተፈናጥራ ጉንጯን ያዘች፤ በጣቶቿ መሃል ደም መጣ።

«ተኩስ አቁም!» ባንዲራው ወረደ። ዴልመስ ዘሎ አርዲትን አቀፈ። «ዓይንሽን ነው? እትዬ አርዲት፣ ዓይንሽን ነው?» አይደለም፤ የተቀደደ ቀለህ ስባሪ ከመነጽሯ ሥር ጉንጯ ላይ ተሰክቷል። ግማሽ ጣት ከፍ ቢል ኖሮ አንድ ዓይኗን ይዞ ይሄድ ነበር።

ተርመንም ሮጠ። ወደ እሷ ግን አልነበረም፤ ወደ መትረየሱ ነው የሮጠው። ይሄንን ሰው ሁሉ አየ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሽፋኑን ብድግ ሲያደርግ ጥይት ማጉረሻው፣ ዝናሩ የሚያልፍበት ያ ብረት፣ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘው፤ ስንጥቁ በቁጥሩ መሃል አልፏል።

«ገደልከው!» ብሎ በዴልመስ ላይ ጮኸ። ምራቁ ይረጫል። «ብያለሁ! አላልኩም? አንተ እንስሳ! መቶ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ጠዋት!»

«እሷ እየደማች ነው፣ ሰውዬ!» አለ አንዱ።

«ተመልከቱት! ተመልከቱ ምን እንዳደረገ!»

ሰው ተሰበሰበ። ጥቂቶቹ ዴልመስን ክፉ ክፉ ያዩት ጀመር፤ ለካ አይችልበትም ኖሯል፣ ሴትየዋን ሊያስገድል ነበር። ዴልመስ አርዲትን ሮጣ ለመጣችው ለኖሪን ሰጥቶ፣ ተርመንን እንደ ጆንያ ገፋ አድርጎ መዝጊያውን አወጣና ወደ ብርሃን አዞረው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች ኖሪን።

«ሦስት መቶ ስምንት ይላል። የኔ ሰባት መቶ አስራ ዘጠኝ ነው። እኔ ነኝ የለካሁት፣ ቀለበቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይሄኛው ለሌላ መትረየስ የተለካ ነው፤ ለኔ አጭር ነው። ጥይቱን ደግፎ አይይዘውም፣ ከኋላው ክፍተት ይቀራል። ቀለህ ክፍተት ካገኘ ይቀደዳል፤ ተቀደደ።» ቀና አለ። «ማነው የነካብኝ?»

ኖሪን ፊቷ አመድ መሰለ። «ከሐሙስ ወዲህ ማንም…» አለችና አቆመች።

ሐሙስ። ሁሉም ወደ ተርመን ዞረ። የሱ ቀኝ እጅ ሳያዘው ተነሥቶ ደረት ኪሱን ሸፈነ።

አርዲት ጉንጯ ላይ ጨርቅ እንደያዘች መጣች። ፊቱ ቆመች።

«አውጣው።»

«አርዲት፣ እኔ…»

«አውጣው፣ ተርመን!»

አወጣው። ቢጫዋን ቆዳ ከመዝጊያው ላይ ገፈፈቻት። «የባሌን ጨርቅ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ከቤቴ። በቀብሩ ቀን።»

«ላድነው ብዬ ነው!» አለ ተርመን። «ቁጥሩ እንዳይበተን ብዬ! መዝጊያ መዝጊያ ነው፣ ያው ፋብሪካ ነው፣ ይገጥማል፣ ገጠመም! እንዲህ እንደሚሆን እኔ በምን አውቃለሁ?»

ዴልመስ መዝጊያውን ከእጁ ወሰደ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር።

«ቁጥሩ ለምን የተመታ ይመስልሃል?» አለው። «ላንተ እንዲያምር ነው? አንድ ሠራተኛ እነዚህን ብረቶች እርስ በርሳቸው ለክቶ አጋጠማቸውና ማንም ሞኝ እንዳያቀያይራቸው ቁጥር መታባቸው። ለዚህ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። በሚያዝያ ላሳይህ ስል ጭቃ ቆፋሪ አልከኝ።»

ተርመን ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ቁጥር አይቷል፤ በቃሉ ይዞታል፤ በሕልሙ አይቶታል። ለምን እንደተጻፈ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቀም። አፈረ። እስከ ጫማው ድረስ አፈረ፤ በዚያው ልክ ደግሞ ዴልመስን የበለጠ ጠላው።

«ፖሊስ እጠራለሁ» አለች ኖሪን። «ሁለተኛ ሱቄን እንዳትረግጥ!»

«በኋላ ትጠሪያለሽ» አለች አርዲት። «መጀመሪያ ይተኮስ። ፈርቼ ወደ ቤቴ አልሄድም።»

ከመስመሩ ጫፍ አንድ ሽማግሌ የራሱን ቪከርስ ፈቶ ጥይት ማጉረሻውን ሳይጠየቅ አምጥቶ ሰጠ። በዚያ ሜዳ እንዲህ ነው፤ ሳጥኑን ከፍቶ የማይሰጥ ሰው የለም። ዴልመስ ቧንቧው ውስጥ የቀረውን የቀለህ ቁራጭ ጎትቶ አወጣ። የብድሩን ማጉረሻና 719 የሚለውን መዝጊያ ገጠመ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ። አንድ ሰዓት ሙሉ ፈጀበት፤ ማንም አላቻኮለውም። መጀመሪያ ራሱ ሞከረው። ከዚያ አርዲት ጉንጯ ላይ ፋሻ ተለጥፎላት ተቀመጠችና መተኮሻውን ተጫነች።

አልቆመም። ሁለት መቶ ሃምሳ ጥይት የያዘው የጨርቅ ዝናር በአንድ በኩል እየገባ በሌላው ባዶውን ወጣ። ውሃው ፈልቶ በጎማ ቱቦው እንፋሎት መጣ። አሮጌዎቹ ብረቶች፣ ከብድሩ ማጉረሻ በቀር፣ እንደ ፊተኛው ዘመናቸው አብረው ሠሩ። ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ የራሱን ትቶ ቆሞ ሰማ። ተርመን ከቢጫው ገመድ ወዲያ ሆኖ ሰማ፤ ጆሮውን አልደፈነም። በሕይወቱ እንዲህ የሚያምር ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ይሄንን ማወቁ አንገበገበው። ኤቨረት ሳይሰማው እንደሞተም ትዝ አለው።

ዝናሩ ሲያልቅ አርዲት ተነሣች። ወደ ተርመን መጣችና እጁን ይዛ መዳፉን ከፈተችው፤ ሁለቱን የማጉረሻ ስባሪዎች አስቀመጠችበት። ቢጫዋን ቆዳ ግን ለራሷ አስቀርታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት።

«በል፣ ይሄን ውሰድ» አለችው። «መስታወት ውስጥ አስቀምጠው።»

ሰዎቹ መንገድ ለቀቁለት። ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አላየውም። መኪናው ዘንድ ሲደርስ መዳፉን ገለጠ፤ በአንዱ ስባሪ ላይ 7፣ በሌላው ላይ 19 ይላል። አጋጠማቸው፤ አልገጥም አሉት። አዙሮ እንደገና ሞከረ። ከጎተራው ጀርባ ሁለተኛው ዝናር ተጀመረ።